ጃንጥላህን ያዝ

ከታቦር ተራራ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ዱካሞ ቪዲዮ ቤት፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣
አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ጡብ ተደርድረን፣
ቀን ካራቴ አይተን፣ ሌት ካራቴ አልመን፣
ማሽኑ በሐምሌ ካሴቱን ቢበላ
የተረፈ የለም ከአንዱ በቀር ሌላ፤
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ የሠራ
ፈረንጅ የረሳው፣ የጠገበ አቧራ።

ቡጢ የለ፣ ሽጉጥ የለ፣ መኪና አይገለበጥ፤
ሶፋ፣ በር፣ ደረጃ፣ ሲወጡ ሲወርዱ መሮጥ፤
ክራባት ያነቀው ሰውዬ ረጅም፣
አጭር ሚስቱ ደግሞ አፏን የማትገጥም፤
ከሳጥኑ ውስጥም ሕዝብ፣ የማይታየን፣
በምን እንደሚስቅ ማንም ያልነገረን።
«ገንዘባችን ይመለስ!» ብለን ጮህን።

ያን ጊዜ ፊታሞ ከኋላ ተነሣ፤
አሞራ ገደል ላይ የሚበልት ዓሣ፣
ክንዱ ላይ ቅርፊቱ ገና ያልረገፈ፣
ሚሽን ትምህርት ቤት አምስተኛ ያለፈ።
በሸንበቆ ዘንግ ቴሌቪዥኑን ነክቶ
«ሰምታችሁ ሳቁ» አለን፣ ጉሮሮውን አጥርቶ።

ረጅሙ «አቶ ሳህሌ»፣ የቀበሌ ጸሐፊ፤
ሚስቱ «እትዬ ድንቄ»፣ ጠበቃ፣ ለፍላፊ።
በሩን አንኳኩቶ ጎረቤት ሲገባ
ስኳር ኮታ ተነፍጎ ሆነ የሚያነባ፤
ድስት ተሸክማ ብትወጣ ደረጃ
«ድስቱ» አለ ፊታሞ፣ «የክስ ነው ማስረጃ!»

ሳጥኑ ሳይስቅ እኛ ቀድመን ሳቅን፤
ከቆርቆሮው ዝናብ በላይ ተንጫጫን።
እነዚያ የሩቅ ሰዎች፣ የሳቁት ከሳጥን፣
ከኋላችን ቀሩ እየተከተሉን።

ስድስት ክፍል ነበር።
ስድስተኛው ላይ
ረጅሙ ሰውዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣
አንድ ጫማውን አውልቆ በእጁ እንደያዘ።
መጥታ ከጎኑ አረፈች።
ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለችው።

ሳጥኑ አልሳቀም።
ከማይታየው ሕዝብ መሃል አንድ ሰው ሳለ።

ወደ ፊታሞ ዞርን። ዘንጉ ወርዷል።
«ምን አለችው?»
ቆየ።
«ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጃንጥላህን ያዝ አለችው።»
የጆንያውን መጋረጃ ገልጦ ወጣ።
ሚስቱ ባሎቴ ይርጋለም ሆስፒታል ከተኛች
ሦስተኛ ሳምንቷ እንደነበር
ማን ለልጅ ይናገራል?

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣
እንግሊዝኛ አውቄ፣ ክፍሉን በስልኬ አገኘሁት።
ቀበሌ የለም። ስኳር የለም።
ሰውዬው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤
ድስቱም ድስት ነው።
ሁለቱም ተዋናዮች ሞተዋል ይላል ከሥር፤
እሱ ቀድሞ፣ እሷ በአሥራ አንድ ወሩ።
ደረጃው ላይ ሲደርሱ ድምፁን ጨመርኩ፤
«አንተ ቀድመህ ከሄድክ
ከማን ጋር ልጣላ ነው?» ትለዋለች።
ያ ሰውም ሳለ፤ እዚያው ቦታ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

ስልኩን ይዤ ዓሣ ተራ ሄድኩ።
ቢላዋውን ለልጁ አውርሷል፤
በርጩማ ላይ ሆኖ ሂሳብ ይቀበላል።
እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ፤
«ሳህሌ!» አለ፣ «አንተ ቀጣፊ!»
ሳጥኑ ሳይስቅ ሳቀ።
ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግን
ስልኩን በቀስታ መለሰልኝ፤
መስታወቱ ላይ አንድ ቅርፊት ተጣብቋል።

«ዝናብ ሊመጣ ነው» አለኝ።
ቀና ብዬ አየሁ።
ጥቅምት ነበር።