እንዲያው

ዘበኛው ቅጽ ይዟል፣ ጥጉን አይጥ የበላው፤
“የበረራው ዓላማ” ይላል፤ ፊቱ ባዶ ነው።
“ጭነት ነው? በሽተኛ? ጥናት ነው? ወይ ፍለጋ?”
ይላል አሥር አለቃ ይግዛው፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ በቅጡ ሳይነጋ።
ብዕሩ በርዶት ቀለም አልተፋም፣ በትንፋሹ ያሞቀዋል፤
ቀና ብሎ እኔን ያየኛል፣ መልስ ይጠብቃል።
“እንዲያው” አልሁት።
          “እንዲያው ማለት?”
                    “እንዲያው ነዋ፣ ለደስታ።”
ጻፈ። ፊደሏ ተንጋደደች። ተመለከታት አንድ አፍታ፣
እንደ ሐሰተኛ ብር፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ።
“ይሁን” አለ፣ “ይሁን እንግዲህ”፣ የበሩን ገመድ ፈትቶ።

ክንፎቿ ላይ ውርጭ አድሯል፣ እንደ ጨው የደቀቀ፤
ቢያድግልኝ በአሮጌ ነጠላ ጠረገው፣ እየሳቀ።
ከሁለት የአንበጣ መርጫ፣ ከወደቁ፣ ከተጣሉ፣
አንዲት ባለ ሁለት ወንበር ሠርቷል፤ ብሎኖቿ ዛሬም ይቆጠራሉ።
በጂኦግራፊ ከአሥር ሦስት የሰጠሁት ልጅ ነው፤
“ጮቄ ወዴት ነው?” ብዬ፣ ካርታ ፊት አቁሜ ብጠይቀው
በመስኮት ያሳየኝ፣ በጣቱ፣ ካርታውን ትቶት።
ሠላሳ ዓመት ሞላው ያ ስሕተት።

ሞተሯ ሳለች። ደገመች። እንደ ሽማግሌ በማለዳ
ጉሮሮዋን ጠርጋ ጠርጋ፣ ወጣች ወደ ሜዳ።
ሣሩ ነጭ ነው፤ ጎማው ሲያልፍበት ይሰበራል፤
ዳር፣ አውድማ ላይ፣ አንድ ሰው መንሽ ይዞ ያፏጫል፤
ነፋስ ይጠራል። ነፋስ የለም። ጤፉ ከነገለባው ተከምሯል።
አየን፤ ፉጨቱን ተወ፤ ከዚያ ወዲያ መሬት ታች ቀርቷል።

የደጋ አየር ስስ ነው፣ ክንፍ አይሸከምም እንደ ልብ፤
እንደ አቀበት መንገደኛ ወጣን፣ በዝግታ፣ ክብ በክብ።
ደብረ ማርቆስ ጠበበች፤ ቆርቆሮዋ ፀሐይ ሲያገኘው
እንደ ተበተነ ሳንቲም ነው፣ ለመልቀም የሚያስመኘው።
ትምህርት ቤቴን ፈለግሁ። ያ ነው? ያኛው? አንድ ጣሪያ፤
ስንቱን መዳፍ የመታሁበት በዚያ በረጅሙ ማስመሪያ።

ጨሞጋን በሰማያዊ ጠመኔ ነበር የማስነሣው፤
አንድ መስመር፣ ቀጥ ያለ፤ ደወል ሲደወል የማብሰው።
አሁን ግን ይህ ምንድን ነው? ይታጠፋል፣ ይጠፋል፣
ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ከሌላ ሰው ማሳ ይወጣል፣
ነገር እንደሚደብቅ ምስክር። ሰማያዊም አይደለም፤
የተወለወለ ብረት ነው፤ ሌላ ቀለም የለውም።

ጮቄ መጣ። ካርታዬ ላይ ቡኒ ነበር፣ የደረቀ፤
“ቡኒ ከፍታ ነው፣ ጻፉ”፤ ስንት ደብተር በዚህ አለቀ።
ዛሬ ግን ጓሳው ውርጭ ለብሶ፣ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤
ጅባራው እንደ ሰልፈኛ ቆሞ፣ ማንን እንደሆነ ይጠብቃል።
ጥላችን ከሥር ሮጠች፤ ትንኝ የምታህል፣ ጥቁር፤
ገደል ስትደርስ ወደቀች፤ ማዶ ተነሣች፣ ያላንዳች ስብር።

ቢያድግልኝ መሪውን ለቀቀ። “ይያዙት፣ መምህርት ጥሩዓለም።”
ወይ ጉድ! እጄ ከጠመኔ በቀር እንዲህ ያለ ይዞ አያውቅም።
ገፋ አደረግሁት፤ አፍንጫዋ ዝቅ አለ፣ ሆዴ ላይ ቀረ፤
ሳብ አደረግሁት፤ ሰማይ መስታወቱን ሞላ። ማንም አልተናገረ።
የጉልበቴ ሕመም፣ ጡረታዬ፣ የቤት ኪራዩ ክስ፣
ሁሉም ነበሩ፤ ግን ታች ነበሩ፤ አንድም አልተከተለኝ እስከዚያ ድረስ።
ጥርሴ በብርድ እየተንገጫገጨ መጣብኝ ሳቅ፤
የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ የምን እንደሆነ ሳላውቅ።
በደቡብ በኩል የዓባይን ሸለቆ ጭጋግ ሞልቶት አየነው፤
“ወደዚያስ?” አልሁ። ነዳጁን አየ። “እሱ ሌላ ቀን ነው።”

ስንወርድ ሰውየው መንሹን ተደግፎ ጠበቀን፣ ከሜዳው ዳር፤
“የጠፋ ሰው አገኛችሁ?” “የለም።” “በሬ?” “የለም።” “እንግዲያ ምን ነበር?”
ቢያድግልኝ ሲያስረዳው፣ እሱ ዓይኑ ከኋላዋ ነው፤
ሣሩን የሚያስተኛውን ነፋስ ነው የሚያየው።
“በል” አለ፣ “ጅራቷን ወደ አውድማዬ አዙርልኝ፤
ከጠዋት ሳፏጭ ከንፈሬ ተላጠብኝ።”
አዞረ። ነካ አደረጋት፤ በዛ። ገለባው ከነፍሬው ሄደ፣
የሰውየው ቆብም። ይግዛው እየሮጠ ወረደ
ቆቡን ተከትሎ፣ እስከ ቃርሚያው።
በሁለተኛው ቀስ አለች፤ ጤፉ እንደ ካፊያ ወደቀ በቦታው።

ይግዛው ተመልሶ ቅጹን አወጣ፤ “እንዲያው” የምትለውን ሰርዞ
“ጤፍ ለማናፈስ” ሊል ነበር፣ እያለከለከ፣ ብዕሩን ይዞ።
እጁን ያዝሁት። “ተወው” አልሁ፤ “ያ ስንመለስ የሆነ ነው።”
ሰማዩን አየ። ባዶ ነበር። ብዕሩን ኪሱ ከተተው።