የጋራዥ ጣልያንኛ

ቅዳሜ ምሽት ነው፤ የአዳማ ነፋስ
የጠረጴዛ ልብስ ሲገልጥ ሲመልስ፣
ፍራንኮ ካለው ቤት፣ ከአስፋልቱ ዳር
ቤተሰቤን ይዤ ተቀመጥኩ በክብር።
ሸሚዜ ታጥቧል፤ ጥፍሬ ግን አልጠራም፣
የሠላሳ ዓመት ግራሶ በአንድ ሳሙና አይወጣም።

ትልቋ ልጄ ሲፈን ቶሪኖ ልትማር ነው፤
ደብተሯን ከሳህኑ ጎን ዘርግታ አስቀመጠችው።
ቪዛው ወጥቷል። ሻንጣው ከሳሎን ጥግ ቆሟል፤
ሁላችን ዞረን እናልፈዋለን፤ ስሙን ማን ይጠራል?
«ዛሬ» አለች «የሚወራው በጣልያንኛ ብቻ ነው፤
አማርኛ ያመለጠው ሒሳቡን እሱ ይክፈለው!»
(አስተማሪ አይቀጣም ብላ ራሷን ነጻ አወጣች።)

ናኦል ተንኮለኛው «ኦሮምኛስ?» አላት።
ደብተሯን ገለጠች፤ «እሱን አልጻፍኩበት።»
ይህን የሰማች ቀበኔ ወንበሯን ሳብ አደረገች፤
በኦሮምኛ ያን ማታ እንደ ልቧ ተናገረች።

«ቦና ሴራ» አለች ሲፈን፣ አስተናጋጁን ስታየው፤
«አልቋል» አላት ልጁ፤ ምግብ ነበር የመሰለው።
ፓስታ በስጎ መጣ። ቢላውን ብድግ አድርጋ
«ኮልቴሎ በል፣ አባ!»
ምላሴ አልነሳ አለ፣
እንደ ናፍጣ ሞተር፣ ብርድ ላይ ሲነጋ።
«ግራትሲዬ»ን ሞከርኩ፤ «ግራሶ» ወጣ ካፌ፤
ናኦል በሚሪንዳ ታነቀ፤ ዝም አልኩ እኔም አርፌ።

ያን ጊዜ አንድ ተሳቢ፣ ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ፣
ሊቆም ሲል ጮኸ፤
«ሸራ ጨርሷል ፍሬኑ» የሚል ሳላስበው ወጣ።
ናኦል «ክፈል!» ብሎ ዘለለ፤ ሲፈን ግን አልሳቀችም።
«ፍሬኖ» አለች ቀስ ብላ፤ እስክሪብቶዋ አልቆመም።
«ሌላስ፣ አባ?»
ሌላማ ሞልቶ!
ቡሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ።
ካንዴላ። «ሻማ ማለት ነው» አለችኝ።
ስንቱን ካንዴላ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ሳስር፣
ሻማ እንደያዝኩ ማን ነገረኝ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ ሥር?
ባሌስትራ። «ቀስት ነው።» ለካ ቀስት ተሸክሞ ነው
ያ ሁሉ የጭነት መኪና ወደ ሞጆ የሚወጣው!
ፍሪሲዮን። «መፋተግ ነው።» ይህንንስ ማን ያስረዳኛል፤
ሃያ አምስት ዓመት ከቀበኔ ጋር ኖሬያለሁ፤ በደንብ ይገባኛል።
(ቀበኔ በኦሮምኛ መለሰችልኝ። አልተረጉመውም።)

ያስተማረኝ አለቃዬ ፊርማው አውራ ጣት ነበረ፤
እሱም ከሌላ ሰምቶ ነው፤ ቃሉ በእጅ ነው የዞረ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
እነዚህን እንግዶች በስማቸው ጠርቼ፣
አገራችሁ የት ነው ብዬ አልጠየቅኩ አንድም ቀን፤
እነሱም አልጠየቁኝ። ሥራ ነበር ያገናኘን።

ፓስታው ሲቀዘቅዝ፣ ቀበኔ በሹካ ጠቅልላ
ወደ ሲፈን አፍ ዘረጋች፤ «በሞቴ!» አለቻት ቀና ብላ።
ያመለጣት ያቺው ብቻ ናት፤ አማርኛ፣ አንዲት ቃል።
ናኦል እንኳ «ክፈይ» አላላትም። ሁላችን ዝም ብለናል።
ሲፈን ገጽ አገላበጠች፤ ለዚህ የሚሆን ቃል አጣች፤
ደብተሩን ከደነችና አፏን ከፍታ ጎረሰች።

«ኢል ኮንቶ!» ብንለው በአንድ ድምፅ፣ ልጁ አንድ ኮካ አመጣ።
መጥቷልና ለአራት ጠጣነው፤ ብሩ ከቀበኔ ቦርሳ ወጣ።
«ቦርሳም እኮ የነሱ ቃል ነው» አለች ሲፈን።
«የማንም ይሁን» አለች እናቷ፣ «የተከፈተው የኔ ነው።»

«ቻው» አለን ልጁ በሩ ላይ።
«እዚያ ሲመጡም ቻው ነው» አለች ሲፈን፣ ለማንም ሳይሆን።
ሲመጡም?
ቃሏን ይዣት ሄድኩ፣ በጣቴ እንደማዞራት ቡሎን።

ባጃጁ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቄ ተቀመጥኩ፤
ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ሰማሁት። አልተናገርኩ።