ከመቶ አምሳ አጎሮት

ሬሆቮት ሊነጋ ነው። ከማሸጊያው ፈረቃ
ገብቼ ቁጭ አልሁ፣ ሞሪያ ሳትነቃ፤
በሚንገዳገደው ጠረጴዛዬ ላይ
ሁለት ፈንዶች፣ ያንኑ ገበያ እንደ ጥላ ተከታይ፤
እሱ ሽቅብ ሲል ሽቅብ፣ ሲወርድም ወረዱ፤
ታዲያ ምኑ ላይ ነው የሚለይ መንገዱ?

ከግርጌ አለ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ፦
በዓመት ከመቶ ሰቅል ያኛው ሰባ አጎሮት፣
ይሄ ሃያ ነጠቀ።

«አምሳ አጎሮት ምናት?» አለኝ ወኪሉ አቭነር።
ልጅ ሳለሁ አይቻለሁ የጎተራችንን ነገር፤
ነቀዝ ሲገባ ድምፅ የለው፣
ሚያዝያ ላይ ነው፣ እጅህን ስትሰድ፣ ዱቄት የምታገኘው።

ስድስት ዓመት ጠብቄ፣ ቀረጥ ያልነካውን
ለነቀዝ ላበላው፣ ሰባተኛው ሲሆን?

ሃያዋን ከበብኋት። የአቭነርን ካርድ አጥፌ
ከጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቅሁት።
ቀጥ አለ።