የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ

ማክሰኝት፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን፣
የሰው ብሶት ስጽፍ ሃያ ዓመት ሊሆን
አንድ ክረምት ቀርቶኛል።
የወንበሬ እግር ሦስት ነው፣ አራተኛው ድንጋይ፤
ለገጽ ሃምሳ ብር፣ ሀብታም ከድሃ ሳልለይ።
ካርቦን ለብቻው ይታሰባል።

ወይዘሮ ይታይሽ በጥር ወር መጣች፤
ከፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ አረንጓዴ ደብተር አወጣች።
«አባቴን አስታምሜ ሦስት ቃዳ ወረስሁ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእኩል አሳረስሁ፣
ግብሩን በስሜ ገበርሁ።
ወንድሜ አዛናው ግን፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣
ሽምብራዬን በበሬ ገለበጠው፣ ገና ሳይደርስ እሸት።
የጎጆዬን ቁልፍ ቀይሮ፣
‹ሴት ልጅ ባሏ ዘንድ ትግባ› አለኝ፣
ባሌን አብሮኝ ቀብሮ።»

ጻፍሁላት። «ሁከት ይወገድልኝ» አልሁ፣
ዘሯንና ድካሟን በብር ቆጠርሁ።
ቀበሌው «መሬት አልይም» ብሎ ቀድሞ ስላመለጠ፣
የወረዳው ችሎት ለሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ።

በአምስተኛው ቀን ወንድምዬው መጣ።
ጉቦ አላመጣ፣ ቁጣም አላመጣ።
ወረፋውን ጠብቆ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
«ክሱን አንብብልኝ» አለ።
የገዛ እጄን ጽሑፍ
ለተከሳሽ አነበብሁ፣ ባዳ የጻፈው ይመስል።

ያገሩ ሰው ነኝና አውቃለሁ፦
መገጭ የዛሬ ሦስት ነሐሴ መፍሰሻውን ትቶ ዞሯል፣
ወዲህ ማዶ የመሸበት ማሳ ወዲያ ማዶ አድሯል።
ወዲያ ማዶ ደምቢያ ነው።

እናም ጻፍሁ፦
«ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፣
መሬቱ ከወንዝ ማዶ ስለሆነ፣ ይህ የተከበረ ፍርድ ቤት
ሥልጣን የለውም።»
አንድ ገጽ አልሞላም። ሃምሳ ብሬን ተቀበልሁ።
አልዋሽም፣ በዓረፍተ ነገሩ ማማር ያን ማታ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

ዳኛዋ ልጅ እግር ናት፣ ካባው ሰፍቷታል።
«እማማ፣ መሬቱ የት ነው?»
«ከነበረበት ነዋ! መሬት መቼ ይሄዳል?
ወንዙ ነው የሄደው።»
ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አንዲት ጓል አወጣች፣
ጠረጴዛው ላይ አኖረች፦
«ይኸው መጣላችሁ። ከእንግዲህ ማዶ ነው አትበሉ።»
ሬጅስትራሩ ጨነቀው፣ የማስረጃ ቁጥር ይስጣት አይስጣት፤
ተላላኪው በመጥረጊያ ሊወስዳት ሲል ነጠቀችው፣ መልሳ ቋጠረቻት።

መዝገቡ ተዘጋ፣
«ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት የመክሰስ መብቷ ተጠብቆ።»
መብቷ ተጠበቀ።
ማሳዋን ግን ማን ጠበቀ።

ቆላ ድባ ሄደች።
«ደብተርሽ የማክሰኝት ነው፣ እዚያው ተመለሺ» አሏት።

ዛሬ ከፊቴ ቆማለች፣ ሁለት ወረቀት ይዛ።
«ማንበብ አላውቅም» አለች። «ግን ይቺ ጭራዋ የረዘመ ፊደል
በእኔም ላይ አለች፣ በእሱም ላይ አለች።»

የእኔ «ር» ናት።
ከየኔታ ደጅ ጀምሮ ጭራዋን መሰብሰብ አቅቶኛል።

አፌ ደረቀ። ልቆጣም ቃጣኝ፣ «ሥራዬ ነው» ልላት።
እሷ ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።
«እንግዲያ አንተው ጻፍልኝ።
መቀርቀሪያውን የሸጎረ እጅ በጨለማም ያገኘዋል።»

ነፋስ እንዳይወስደው ጓሏን ከወረቀቱ ጫፍ ጫነችው፤
ደርቃለች፣ ጥጓ ተፈርፍሯል፣
አንድ ቀጭን የሽምብራ ሥር አሁንም ነክሳ ይዛለች።

እስክሪብቶ አነሣሁ። «ለ» ብዬ ጀመርሁ።
ለማክሰኝት?
ለቆላ ድባ?
ለጎንደር ከፍተኛ?
ከኋላዋ ወረፋው ይረዝማል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ሰዓት ይጠይቃል፤
«ለ» ብቻዋን ቆማለች፣
በሁለት እግሯ፣
ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ።