ሰማንያ ሰባት ከመቶ

ሰማንያ ሰባት ከመቶ ሲደርስ፣ ድርግም።
«ደከመኝ» አይል፤ አያቃስት፣ አያጉረመርም።
ደብዳቤ ስጽፍበት ሎሌ፣ ፊልም ሳይበት ጨዋ፤
የአዌቱን ጎርፍ፣ የሠላሳ ዓመት ዝናብ አስላልኝ ስለው ግን
ማራገቢያው እንደ ተነካ ቀፎ ይጮሃል፤
ከዚያ ፊቱ ይጠቁራል፤
የኔ ፊት ብቻ መስታወቱ ላይ ይቀራል።

«መብራት ነው» አልኩ። መብራቱ ግን አለ፤
አምፖሉ ከአናቴ በላይ ቁልቁል እያየኝ ዋለ።
«ቫይረስ ነው» አለችኝ ረውዳ፣ «አጥፊና እንደ አዲስ ጫኚው።»
አጥፍቼ ጫንኩት። ሦስት ሌሊት።
ደግሞ ሰማንያ ሰባት። ደግሞ ድርግም።

ሄርማታ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣ ነዚፍ የሚባል አለ፤
መነጽሩን በክር ያሰረ፣
ከመናገሩ በፊት ጆሮውን ማሽኑ ላይ የሚጥል።
ባትሪውን ነቅሎ በቻርጀር ብቻ አስነሳው፤
ቻርጀሩን በራሱ ቻርጀር ለውጦ ደግሞ አስጨነቀው፤
ሙቀቱን በቁጥር አየ። ዘጠና አንድ። ዘጠና ስድስት።
ጣቱን አነሳ፣ ፊሽካ እንደሚነፋ፤
መቶ ሲል፣ ጠፋ።

«አልተበላሸም» አለ። «እንዳይሞት ነው የሚጠፋው።
ሰነፍ ብለሽ ሰድበሽዋል?»
ሰድቤዋለሁ። አልዋሸሁትም።

አሥራ አንድ ብሎን ፈታ፣ አንዱ የዛገ።
ቅባቱ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል።
ከማራገቢያው ጥርስ መሀል በወረንጦ ስቦ አወጣ፤
ቡናማ ነገር፣ የበቅሎ ድብዳብ የመሰለ።
አሸተተው።
«የቡና ገለባ ነው። መፈልፈያ ቤት ነው የምትሠሪ?»

«አይ» ልለው አፌን ስከፍት
ምስማሯ ትዝ አለችኝ፤ ከጠረጴዛዬ ራስጌ ያለችው፣
አባቴ ከመጋዘን ሲመለስ ኮቱን የሚሰቅልባት።
ሰማንያ ኪሎ ጆንያ፣ በቀን ስልሳ ጊዜ፣ ከትከሻ ወደ መኪና።
አምና አንድ ቀን፣ በሥራው መሀል፣
ጆንያውን አውርዶ ቁጭ አለ። እንዲሁ።
ካቦው «ሰነፈ» አለ።
እኔ ደግሞ ምንም አላልኩም።

ነዚፍ አዲስ ቅባት አኖረ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል።
«አራት መቶ፤ ለተማሪ ሦስት መቶ።
ፍራሽ ላይ አታስቀምጭው፤ ይተንፍስበት።»

ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል።
ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ሰባት። እጄ ይንቀጠቀጣል።
ሰማንያ ስምንት።
አባቴ ግድግዳው ሥር ተኝቷል፣ አንድ እግር ጫማውን ሳያወልቅ።
ኮቱን ላወርድ እጄን ዘረጋሁ፣
ተውኩት።
ጠረጴዛውን፣ ቀስ ብዬ፣ ወደ በሩ ጎተትኩት።