ቢቱም ማለት ቤት

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ስድስት ኪሎ ቆሜ፣
የፈረሰ አገር ወሬ ሳስተምር ከርሜ፣
ተማሪዬ አራት ነበር፤ በደጉ ዘመን ሰባት፤
አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዷ ቡቲክ አላት።

"ባቢሎንን?" ይሉኛል እማማ ደብሪቱ በአጥራችን ላይ፣
"ያቺ የፈረሰችው? ምኗ ይጠናል በይ?"
ደሞ ዝቅ ብለው፦ "ኮከብ ትቆጥሪያለሽ አሉ፤
የጠፋው ሞባይሌ የት ይሆን?" ይላሉ።

ኮከብ አልቆጥርም፣ እማማ።
የምቆጥረው ጭቃ ላይ የተወጋ ሽብልቅ ነው፤
ገብሱ ስንት ቁና እንደተሰፈረ፣
ማን ከማን በግ እንደተበደረ፣
ጸሐፊው ቸኩሎ የዘለለውን መስመር፣
ከዳር የረሳውን የአውራ ጣቱን አሻራ።

በወጣትነቴ፣ ጀርመን አገር፣ ሙዚየም ምድር ቤት፣
መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል፦ ቢቱም። ቤት።
ካልቡም፣ ከልብ። ሹሙም፣ ስም። ሊቡም፣ ልብ።
ፕሮፌሰሩ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ፣
እኔ በአባቴ ግዕዝ እያየሁት ሳቅ አመለጠኝ፤
ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው በጎረቤት ድምፅ ጠራኝ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ከስባሪ ጋር ነው።
"እዚህ ላይ ተሰብሯል" ብዬ የጻፍኩት
ስሜን ከጻፍኩት ይበልጣል።

ዘንድሮ፣ ግንቦት ላይ፣ የወረዳው ልጅ ምናለ መጣ፤
ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎ ወጣ።
"የሥራ ዘርፍ፣ እትዬ ትርንጎ?" አለኝ ቅጹን ይዞ።
"ጭቃ ማንበብ" አልኩ።
ሳቀ። "ጡረተኛ" ብሎ ሞላ። አልተከራከርኩ።

ግጥም ቤት ሲመታ ጆሮ ደስ ይለዋል፤
ዶዘር ቤት ሲመታ . . .
                    (እዚህ ላይ ተሰብሯል።)

በማግስቱ ዶሮ ማነቂያ ወረድኩ፤ አቧራው ገና አልሰከነም።
ከጋራ ግድግዳችን አንድ ጉማጅ አነሳሁ፤
ጭድ የጎረሰ ጭቃ፣ ሦስት ጣት ያረፈበት።
መራጊው ይሆን? ያልደረቀ ግድግዳ የነካ ልጅ?
ከልማዴ ወደ ብርሃኑ አዘንብዬ ዞር ዞር አደረግሁት።
ሽብልቅ የለውም።

እማማ ደብሪቱ ከኋላዬ ቆመዋል፣ ፍራሻቸው አይሱዙ ላይ ተጭኖ።
"ምን ይላል?" አሉኝ።
በስንት ዓመት ጉርብትና ጠይቀውኝ አያውቁም።

"'የደብሪቱ ቤት' ይላል" አልኩ።

ያለ ማስረጃ ያነበብኩት በዕድሜዬ ይህን ብቻ ነው።
እሳቸው ግን ተቀብለውኝ፣
እንደ ሳንቲም ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት፣
ሾፌሩ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ
በጣታቸው ጣቶቹን ሲለኩ ነበር።