የጠፋ ዕቃ መስኮት

ላይፕዚግ ባቡር ጣቢያ፣ ከደረጃው ጀርባ፣
ሰው የጣለው ሁሉ በመስኮቴ ሲገባ
እመዘግባለሁ፦
አርባ ሰባት ጃንጥላ፣ የልጆች ጡሩምባ፣
የቫዮሊን ሣጥን፣ ቫዮሊን የሌለው፣
ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መሐረብ ያዘለው።
ባለቤት እስኪመጣ ሁሉም የኔ ነው።

እኔ ግን ራሴ ዛሬ ጠዋት እንኳ
ቁልፌን ሳስስ ሳስስ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው ለካ፤
ከቅቤው አጠገብ፣ በርዶ፣ እንደ ዓሣ።
እሱን ሳገኝ ደግሞ ቦርሳዬን ስረሳ፣
ቦርሳውን ፍለጋ ደረጃ ስወጣ
ምድጃው ትዝ አለኝ፤ ትራሙም መጣ።

ነገሩ የቆየ ነው።
ደሴ፣ አምስተኛ ክፍል፣ ከሰርተፍኬቴ ላይ
"ቀልብ የላትም" ብለው ጻፉብኝ በቀይ፣
መምህር አዝመራው።
እናቴ አነበበች፣ ሁለቴ፣ ቀስ ብላ፤
ጠበል ወሰደችኝ ሥራዋን ጥላ።
ተጠመቅሁ፤ ጠጣሁ፤
የጠበሉን ጣሳ እዚያው ጥዬው መጣሁ።

ሀገር ቀየርሁ፤ ጀርመንኛ ለመድሁ፤
ስምንት ሹራብ ጀምሬ አንድ እጅጌ ጨረስሁ።
"ሰነፍ" እንዳይሉኝ ሌሊት እየሠራሁ፣
"ይቅርታ" የሚል ቃል ከስሜ አስቀደምሁ።

በሠላሳ ስድስቴ፣ በየካቲት ብርድ፣
ከሐኪሟ ፊት ሆኜ ስጠብቅ ፍርድ፣
መቶ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እኔ
ማዶ ጣሪያ ያረፉ ርግቦችን በዐይኔ
እየቆጠርሁ መለስሁ። ዘጠኝ ነበሩ።
"ኣ፣ ዴ፣ ሃ፣ ኤስ" አለች።
አራት ፊደል ብቻ።
ዕድሜዬን በሙሉ በስድብ ሲጠሩት የኖሩት ነገር
ለካ የራሱ ስም ነበረው።

ወረቀት ሰጠችኝ አንድ መስመር ጽፋ፦
"ጎበዝ የሆንሽበት።" አደራ እንዳይጠፋ!
ባዶውን አየሁት፤ ባዶውን አጠፍሁት፤
አስራ አንድ ቁጥር ትራም ላይ ረሳሁት።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሽማግሌው ሄር ፖል
የሟች ሚስታቸውን መነጽር ጥለው መጡ።
ባልደረባዬ ክራውዘ ቅጹን ዘርግቶ
"የት ነው የጣሉት?" አላቸው።
ቢያውቁትማ ምን አመጣቸው?
እኔ የመጥፋትን መንገድ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤
አቋራጩን፣ መታጠፊያውን፣ ጥላውን አውቃለሁ።
"ከመነሳትዎ በፊት ምን አዩ?" አልሁ።

ዝም አሉ። ቆይቶ ፊታቸው በራ፦
"አንዲት ሴት፣ ውሻዋን በልጅ ጋሪ ጭና፣ ልጇን በገመድ ስትመራ!"
በቃ። ሰላም ሊሏት ባርኔጣ ሲያነሱ
መስኮቱ ጠርዝ ላይ አኑረው ረሱ።
ዴፖ ደወልሁ። ነበረ።
ክራውዘ እኔን አየ፣ ቅጹን አየ፤ ምንም አልተናገረ።

ማታ የትራሙን ሣጥን ስበረብር
አንድ ወረቀት ወጣ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ፣
የጫማ ማህተም ያረፈበት፣
ከጀርባው "የውብዳር አሊጋዝ" የሚል።

ደንብ ግን ደንብ ነው፦ ዕቃ የሚወስድ ሰው
ምልክቱን ይናገር፤ የራሱ መሆኑን በቃሉ ያስረዳው።
ዞሬ ከመስኮቱ ውጪ ቆምሁ።
መስታወቱ ላይ አንዲት ሴት አየችኝ፣ ኮቷን ገልብጣ የለበሰች።
"ምልክቱን ንገሪኝ" አልኋት።
"ባዶ ነው" አለች።
"እንግዲያው ያንቺ አይደለም።"

ቆየች። ከዚያ እስክሪብቶ ያዘች።
ጣቢያው በጭስ የታፈነ ዕለት፣ ሁሉ ሲተራመስ፣
እኔ ረጋሁ፤ የጓሮው በር ታየኝ።
ነገር ሲጠፋ አብሬው እጠፋለሁ፤
ስለዚህ አብሬው መመለስ እችላለሁ።
መምህር አዝመራው፣ ቀልብስ ነበረኝ፤
በሩ በዝቶ ነው እንጂ።
ርግቦቹም ዘጠኝ ነበሩ፤ ማንም አልቆጠራቸውም።
ሹራቡን አልጻፍሁም። ሹራቡ ይቆይ።

መዝገቡን ሞላሁ።
ዕቃ፦ ወረቀት።
የተገኘበት፦ ትራም አስራ አንድ።
ባለቤት፦ ቀርባለች።
ልፈርም ስል እስክሪብቶው—
አሁን እኮ እዚህ ነበረ።